እርሱ በሰማይ፣ እርሷ በጉና ሥር

ስለ ትዳር ስጽፍላችሁ ብዙውን ጊዜ ከጓዳዬ አልወጣም፤ ዛሬ ግን መንገድ ይዤአችሁ ልወጣ ነው። የምንሄደው ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጉና ተራራ ሥር ወደተቀመጠችው ወደ ደብረ ታቦር ነው። ጉዞው የተደረገው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነበር። ለጉብኝት አልሄድኩም። እዚያ አንዲት የሁለት ወር አራስ ነበረች። ባሏ ጀማሪ ፓይለት ነው። እርሷም «ይህን ሥራ ካልተወ ወደ አዲስ አበባ አልመለስም» ብላ ቁርጧን ልካብናለች።

የባልና ሚስቱን ስም አልነግራችሁም። ታሪካቸውን እንድጽፍ ግን ሁለቱም ፈቅደውልኛል። እርሷማ «ያኔ የተናገርኩትን እንዳያለዝቡት» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ከመጋባታቸው በፊት ትምህርት የሰጠናቸው እኔና ባለቤቴ ነን። ስምንት ሳምንት ሙሉ ማክሰኞ ማታ ቤታችን እየመጡ ስለ ገንዘብ፣ ስለ አማቶች፣ ስለ ይቅርታ ተማሩ። ስለ ሮስተር ግን አንድ ቃል አልተነፈስንም። ሮስተር ምን እንደሆነ እኛ ራሳችን አናውቅም ነበርና።

እናንተም እንደ እኔ ከሆናችሁ፣ ፓይለት ሲባል የሚታያችሁ ትከሻው ላይ አራት መስመር ያለው ካፒቴን ነው። ከጎኑ የሚቀመጠውን ወጣት ማንም አያስበውም። ይህ ወጣት ሥልጠናውን ጨርሶ ኮክፒት ሲገባ ትምህርቱ ያለቀ ይመስለናል፤ ዋናው ገና መጀመሩ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረት ሙሉውን የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት 1500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። በብዙ አገሮች ደግሞ አንድ አብራሪ በዓመት ከ1000 ሰዓት በላይ እንዲበር አይፈቀድም፤ ስለዚህ ሰዓቱ በአንድ ጊዜ አይሞላም። በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር በሚባለው የመለማመጃ ኮክፒት ውስጥ ሞተር ጠፋ፣ እሳት ተነሣ እየተባለ ይፈተናል። በየዓመቱም ሐኪም ፊት ይቀርባል፤ ዓይኑ ወይም ልቡ አንድ ነገር ቢያሳይ የያዘው ፈቃድ ይታገዳል። ቤት ሲመጣ እንኳ የአውሮፕላኑን መጽሐፍ ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ሮስተሩ ደግሞ የወሩ የሥራ ድልድል ነው። ማን መቼ እንደሚበር፣ የት እንደሚያድር፣ መቼ እንደሚያርፍ ይነግረዋል። በዚህ ሥራ የቀደመ ይመርጣል፤ ኋላ የመጣ የተረፈውን ይወስዳል። ገና፣ ፋሲካ፣ የእህት ሠርግ ሲሆን የሚበረው ማን እንደሆነ ገምቱ። ስታንድባይ የሚባልም ቀን አለ። ያን ቀን ልብሱ ተተኩሶ፣ ስልኩ እጁ ላይ ሆኖ ቤት ይቀመጣል፤ ከተጠራ ይሄዳል፣ ካልተጠራ ቀኑ እንዲሁ ይመሻል። ሚስቱ «ቤት ውሎ ቤት የለም» የምትለው ይህን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ይህ ልጅ እሑድን ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነበር የሚገኘው። ከቤት ለቤት ጥናቱም ጠፋ። አንድ ቀን በር ላይ አግኝቼው «ደመወዙ ሲጨምር ጌታ ይቀንሳል እንዴ?» አልኩት። ሰዎች ሰምተው ሳቁ። እርሱም ፈገግ ብሎ አለፈ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ አራት ጊዜ ተነሥቶ አራት ጊዜ አርፎ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ እንደመተኛት ቀጥታ ወደ እኛ መጥቶ እንደነበር የሰማሁት ከወራት በኋላ ከሚስቱ ነው። በዚያ ላይ ዘመድ ሁሉ «ፓይለት ሆኗል» ብሎ እጁን ይዘረጋል። በዚያ ላይ ደግሞ «ፓይለትና ታማኝነት» እያሉ የሚስቱን ጆሮ የሚያደሙ እኅቶች አልጠፉም፤ ከእኛው ኅብረት ማለቴ ነው።

ልጅቱ የወለደችው በጥር ወር ነው። የራሷ እናት በሕይወት ስለሌሉ የአራስ ቤቷን ያደረገችው ደብረ ታቦር፣ አማቷ ዘንድ ሆነ። ሁሉም ነገር ደኅና ይመስል ነበር፤ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እስኪመጣ።

ያን እሑድ ታስታውሱታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች አለቁ። ካፒቴኑ የ29፣ ረዳቱ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ ነበር። በሁለቱም አደጋ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው የቁጥጥር ሥርዓት ተነሣ፤ አውሮፕላኑም በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ። ይህን ሁሉ ግን በኋላ ነው የሰማነው። ያን ጠዋት እኛ በአምልኮ ላይ ነበርን። ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ በመቀመጫዎቹ መካከል ሲያልፍ አየሁ፤ መዝሙሩ ሳይቆም የሰው ፊት ተለወጠ።

የእኛ ልጅ በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ፕሮፔለሯን ኪው 400 እያበረረ ለአገር ውስጥ በረራ ነበር የተመደበው። ናይሮቢ ከእርሱ ጋር ምንም አያገናኘውም። ደብረ ታቦር ላሉት እናቱ ግን አውሮፕላን አውሮፕላን ነው። አራሷም ብታውቅ እንኳ ያን ሰዓት ልቧ የሚያዳምጣት አልነበረም። ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። እርሱ ማታ ዘግይቶ ገብቶ፣ ሥራው የሚያስገድደውን ዕረፍት ሊያደርግ ስልኩን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ ስድስት ሰዓት አልፏል።

ከዚህ በኋላ ነው «ሥራውን ካልተወ» የመጣው።

ባለቤቴ ሊሄድ አስቦ ነበር፤ በዚያው ሳምንት የአገልጋዮች ኮንፈረንስ ገጠመው። ስለዚህ ብቻዬን ሄድኩ። ባሏ ሁልጊዜ መንገድ የሚሄድባትን ሴት ልታስታርቅ፣ ባሏ መንገድ የሄደባት ሴት ተላከች ማለት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት አባት ዘወር ብለው አዩኝ።

በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ በርሬ ስለ ኮክፒቱ በር አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ ከዚያ በር አልተነቀለም። ከበስተኋላው ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም የአንዲት ሴት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ምናልባት ትናንት ማታ ልጁ ሳታስተኛው አድራለች። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አውሮፕላን አዛዥ ሲሆኑ አገር ኮርቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን፣ በ2015ም ሴቶች ብቻ ሆነው እስከ ባንኮክ ሲበሩ አጨብጭበናል። ቤት ማን እንደሚጠብቃቸው ግን የጠየቀ ትዝ አይለኝም። ሴቲቱ ስትበር ወንዱ የሚጠብቅበትም ቤት አለ ማለት ነው፤ ለዚያኛው ባል ምን ብለን እንደምናስተምረው እኔ ገና አላሰብኩበትም።

ጣና ከክንፉ በታች ብቅ አለ፤ ወረድን።

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ለሜዳ ነው። የፎገራ ሜዳ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት፣ የፎገራ ከብት በዘሩ የታወቀበት ነው። በመጋቢት ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ አገሩ ይለወጣል። ይህ መንገድ እስከ ወልድያ የሚዘልቅ ሲሆን ቻይናዎች ስለሠሩት እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይባላል። ሚኒባሱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ ዓለም ሳጋ ደን ሲደርስ ከመስኮቱ የሚገባው አየር ይቀዘቅዛል፤ ጆሮ ይደፈናል። ነጠላ ብቻ ይዤ ነበር የሄድኩት። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ነች። ከበስተምሥራቋ ያለው ጉና ደግሞ ከ4100 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከእርሱ ወጥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ይህን መንገድ ያየሁት ከነሰላሙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት እንደገና አልሄድኩበትም።

የከተማይቱን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጌታ በተራራ ላይ የተለወጠበት ታሪክ የተያያዘው ከታቦር ተራራ ጋር ነው፤ ወንጌላት ራሳቸው የተራራውን ስም ባይጠቅሱም። ጴጥሮስ እዚያው ጎጆ ሠርተን እንቀመጥ ማለቱን ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እኔ ግን ሽቅብ እየወጣሁ ያሰብኩት ከተራራው ሥር ስለነበረው አባት ነው። ልጁ ታሞበት፣ የቀሩት ደቀ መዛሙርት መፍትሔ አጥተው፣ ላይ ያሉት እስኪወርዱ ይጠብቃል። ስለ እርሱ የተሰበከ ስብከት የሰማሁት ከስንት አንድ ነው።

ቤቱ ዳገት ላይ ነው፤ ጓሮው ባሕር ዛፍ። አማትየዋ በር ላይ ተቀበሉኝ። ስድሳዎቹን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ የጠመጠሙ ሴት ናቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ዐቢይ ጾም ነበር። «ለጴንጤዋ ሻይ አፍሉላት፤ ጠላ አትጠጣም» ብለው ጮኹና ራሳቸው ሳቁ። ሽሮና የፋርጣ ድንች ወጥ ቀረበ። ለአራሷ ግን ገንፎ በቅቤ ለብቻ ተሠርቷል፤ «አራስ ጾም የለባትም» አሉኝ፣ እኔ ምንም ሳልል። ስለ ሕፃኑ ክርስትና ማንም አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ለሌላ ቀን የሚሆን ነገር ነው።

ልጅቱ ጥግ ላይ ሆና ልጇን ታጠባለች። ከሰላምታ በላይ አልተናገረችኝም። ያን ማታ ሊያስተኛኝ ያልቻለው ብርዱ ብቻ አልነበረም።

በነጋታው አማትየዋ «ነይ አገር ላሳይሽ» ብለው ወደ ጋፋት ወሰዱኝ። ጋፋት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ያሠሩት እዚህ ነው፤ 70 ኩንታል ይመዝናል ይባላል፤ ከዚህ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። ለእኛ ለወንጌላውያን ደግሞ ቦታው ሌላ ትዝታ አለው። መድፉን የሠሩት እጆች የሚሲዮናውያን እጆች ነበሩ። ስዊዘርላንድ ካለው ከቅዱስ ክሪስቾና የተላኩ የእጅ ባለሙያዎች ወንጌል ሊያደርሱ መጥተው ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ብለዋቸዋል። ይህን በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር የተከራከርንበት ጉዳይ ነው፤ ዛሬ አልመለስበትም።

ያን ቀን ያስታወስኩት ከዚያው ተቋም የወጣውን ዮሐን ማርቲን ፍላድን ነው። ፍላድ ወንጌልን ለቤተ እስራኤል ለማድረስ የመጣ ጀርመናዊ ነበር። በ1866 ንጉሡ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ላኩት። ሚስቱ ጳውሊናና ልጆቹ ግን በመያዣነት እዚህ ቀሩ። መመለሱ እንዲረጋገጥ ማለት ነው። እስኪ አስቡት፤ ስልክ የለም፣ ደብዳቤ ወራት ይፈጃል፣ በዙሪያዋ ያሉ አውሮፓውያን እየታሠሩ ነው፣ የንጉሡም ቁጣ በየቀኑ ይብሳል። ባልዋ ለንደን ደርሷል፤ እዚያ ቢቀር የሚነካው የለም። በ1867 ተመለሰ። የተመለሰውም ወደ ነፃነት ሳይሆን ከእነርሱ ጋር ወደ መታሰር ነበር፤ የተፈቱት በሚያዝያ 1868 መቅደላ ልትወድቅ ስትል ነው።

ይህን ለአማትየዋ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ። «ሴትዮዋ ምን አለች?» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሲመለስ ነዋ። ምን አለችው?»

አላውቅም አልኳቸው። ስለ ፍላድ ጉዞ ሳነብ ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። በዚሁ በቻይና መንገድ፣ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ዘቢጥ፣ በጋሸና አድርገው ወልድያና ደሴ ይሄዳሉ፤ ሲሄዱ አሥር፣ አሥራ አምስት ቀን። «ሲመለስ ከመታጠፊያው ላይ አንድ ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። ያኔ ተነሥቼ ውሃ እጥዳለሁ፤ እግሩን ይታጠባል፣ ሻይም ይሆናል። ክላክሱን ሳልሰማ የማድርበት ሌሊት ነበር ክፉው።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረው፣ ባላቸው በበሽታ አልጋቸው ላይ ዐረፉ።

እኔም ደስ አለኝ። ያመጣሁትን ስብከት ከአፌ ነጥቀው የሚሰብኩልኝ መሰለኝ። «ታዲያ እማማ፣ ይህን ለልጅቱ ንገሯት እንጂ! እርስዎ እንደታገሡ...»

አቋረጡኝ። «ምነው ልጄ! እኔ ታግሼ መሰለሽ? ሰው ሁሉ ጎበዝ ይለኝ ነበር። ጎበዝ አልነበርኩም፤ ሌላ ስላልነበረኝ ነው። ታገሺ በያት ካልሽኝ ሌላ ሴት ፈልጊ።»

ከጋፋት እስክንመለስ አልተናገርኩም። የራሴ ነገር መጣብኝ። ባለቤቴ ገጠር ለአገልግሎት ሄዶ እኔ ሁለት ልጆች ይዤ የቀረሁበት ክረምት ነበር። ታናሹ በትኩሳት ተቃጠለ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ጎረቤት ቀስቅሼ ታክሲ ፍለጋ ዝናብ ውስጥ ቆሜአለሁ። ልጁ ዳነ። ባለቤቴ ሲመጣ ምስክርነቱን ይዞ መጣ፤ ስንት ሰው እንደተለወጠ ነገረን፣ እኔም «ክብር ለጌታ» አልኩ። ስለ ዝናቡ አልነገርኩትም። አገልግሎት ነው ሲባል ማን ይከራከራል? ያኔ ያልተናገርኩት ነገር ስንት ዓመት እንደተቀመጠብኝ ያወቅሁት እዚያ ዳገት ላይ ነው።

ስለዚህ ያን ከሰዓት ከልጅቱ ጋር ስቀመጥ ማስተማሩን ትቼ ስለ ዝናቡ ነገርኳት። እርሷም መናገር ጀመረች። «እትዬ፣ አውሮፕላኑን አልፈራውም፤ እንዴት እንደሚፈተሽ እርሱ አስረድቶኛል። እኔ የምፈራው ስልኩን ነው። ያን ጠዋት ስልኩ ዝግ ሲለኝ ልጄን ከጡቴ ነጥዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። መሬት ላይ! ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ልጄን ሳቅፈው ያው ትዝ ይለኛል። እርሱ ሲደውል ‘ተኝቼ ነበር’ አለኝ። ተኝቼ ነበር!»

ጥፋት ብዬ የምይዘው አጣሁ። እርሱ መተኛት አለበት፤ ያላረፈ አብራሪ የሰው ሕይወት ይዞ መነሣት የለበትም። እርሷም መደወል አለባት።

ባሏ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ሁለት ቀን ዕረፍት አግኝቶ እስከ ባሕር ዳር እንደ መንገደኛ በርሮ፣ ከዚያ በሚኒባስ። ልጁን ሲያቅፈው ሕፃኑ አለቀሰ፤ አላወቀውም። ወጣቱ ልጁን ለሚስቱ መልሶ ሰጥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ብዙም ቆየ። ማንም አልተከተለውም።

ማታ አራታችን ምድጃ ዙሪያ ተቀመጥን። እርሱ በልጅነቱ እዚሁ ዳገት ላይ በግ ሲጠብቅ ከጉና በላይ የሚያልፈውን አውሮፕላን ጭስ እየቆጠረ እንዳደገ ነገረን። ሥልጠናው ውድ በመሆኑ ለተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግል ፈርሟል፤ ዛሬ ቢተወው ዕዳው የት ይደርሳል? ሁለት ወንድሞቹም በእርሱ ደመወዝ ይማራሉ። ሚስቱም የተናገረችውን ሁሉ ደገመችለት፤ መሬት ላይ ያስቀመጠችውን ልጅ ጨምራ። ይህን አልሰማም ነበር። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ።

የዘዳግም 24ን ሕግ የጠቀስኩላቸው ያኔ ነው። አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ዘመቻ እንዳይወጣ፣ ሚስቱን ደስ እያሰኘ ቤቱ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ወጣቱ በቁም ነገር «እትዬ፣ ይህን ሮስተር ለሚያወጡት ሰዎች ቢጽፉልኝ» አለኝና ሁላችንም ሳቅን። እውነቱን ለመናገር የዚያ ሌሊት ጸሎታችን የተከፈተው በዚያ ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ተራ ነገር ወረደ፤ እኔም የተረዳሁት ይህ ተራ ነገር ዋናው እንደነበረ ነው። ቤታቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ ነው፤ ይዘጋ፣ ጠባብም ቢሆን ቅርብ ቤት ይከራዩ ተባለ፤ በመንገድ የሚጠፋው ሰዓት ለልጁ ይሁን። ታናሽ እኅቷ መጥታ አብራት ትኑር። ሮስተሩ በወጣበት ቀን ተጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ፤ ለፓስተርም አንድ ቅጂ ይሰጠው፤ ይህ የመጨረሻው የእኔ ሐሳብ ነው፣ ስለ በሩ ላይ ንግግሬ ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ። ስለ መተው ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላ አይነሣ፤ ሲሞላ ግን እርሷ ካነሣችው እርሱ በቁም ነገር ይስማት። በዚህኛው ላይ ተከራከሩ፤ እርሱ ወዲያው እሺ አላለም።

የቀረው ስልኩ ነበር። እርሱ «ስነሣም ስወርድም መልእክት እልካለሁ» አለ። እናቱ ማንበብ አይችሉም።

«ምን መልእክት ያስፈልጋል?» አሉ። «ስትወርድ አንድ ጊዜ ጥራና ዝጋ። ለእርሷም ለእኔም። እኛ እናውቃለን።»

ለሚተኛበት ጊዜ ደግሞ አንዲት ትንሽ ስልክ ለብቻዋ ይያዝ፣ ቁጥሯን ከሁለቱ ሴቶች በቀር ማንም አይወቅ፣ መቼም አትዘጋ ተባለ። ለክፉ ነገር ካልሆነ እንደማትደውልባት ሚስቱ ቃል ገባች።

ሰኞ ከእርሱ ጋር ተመለስኩ። ዓለም በር አካባቢ ሾፌሩን አስቁመን አውራምባ ገባን። እ.ኤ.አ. በ1972 ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው፤ ወንዱና ሴቱ ሥራ ሳይለዩ የሚኖሩበት። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ጥጥ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። በእምነት ነገር ከእኛ ጋር አይገናኙም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ምክንያት ስማቸው ሲነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ግን ፓይለታችን አንድ አባት ልጁን አዝሎ ሲሸምን ቆሞ ሲያይ አየሁት። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ «ዳይፐር መቀየር አልችልም እኮ» አለኝ። «ስንት ቁልፍ ያለው ኮክፒት ታውቅ የለም ወይ!» አልኩት።

ልጅቱ በግንቦት ተመለሰች። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። በ2012 ኮሮና መጥቶ በረራ ሲቀንስ ለሳምንታት ቤት ዋለ። እርሷም አንድ ቀን ደውላ «እትዬ፣ ይህን ሰው መቼ ነው የሚጠሩት?» አለችኝ። ዓመቱ ሲሞላ የመተውን ነገር አንሥታው ነበር፤ ሁለት ሌሊት ተነጋገሩበት፣ ለሌላ አንድ ዓመት ተላለፈ። እኔም ለባለቤቴ ስለዚያ ዝናብ ነገርኩት። በዚያ ዓመት ሁለት ኮንፈረንስ ሳይሄድ ቀረ፤ ሦስተኛውን ሄደ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጉና ደረሰ። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰው ሞተ። እናትየውን ኑ ቢሏቸው ቤቴን ጥዬ አልወጣም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ትንሿ ስልክ አንድ ጊዜ ትጠራና ትዘጋለች። ደዋይዋ እናቱ ናቸው።

አንድ ማታ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ሦስት ሆነ፤ አልጠራችም። እርሱ ከበረራ ገብቶ የደንብ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ሲደውል መስመር የለም። ሚስቱ እንደነገረችኝ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሌሊቱን በሙሉ ከበረንዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ተመላለሰ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ «ያን እሑድ አንቺ እንዲህ ነበርሽ?» አላት። አልመለሰችለትም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስልኳ አንድ ጊዜ ጠርታ ተዘጋች። ሚስቱ ተነሥታ ውሃ ጣደች።